የግማሽ ቀን ሠራተኛ መብትና ጥቅም፥ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በነጋዴ ሱቅ

በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚነግድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የሱቅ ሥራ በቀኑ ሰዓቶች ላይ እኩል ተከፋፍሎ የሚመጣ አይደለም። ጧት በግድር መጋላ ገበያው ሲደምቅ የሰው እጅ ያንሳል፤ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ መንገዱ ጭር ይላል፤ ወደ ማምሻው ደግሞ ገዢው እንደገና ይመጣል። ስለዚህም ብዙ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ የሚውል ሠራተኛ ከመቅጠር ይልቅ፥ ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚያገለግል ሰው መያዝን ይመርጣል። ከትምህርት ቤት መልስ ዕቃ የሚያቀብል ተማሪ፥ ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ መጥቶ ሒሳብ የሚጽፍ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ቡና በሚገባበት ወራት ብቻ የምትጠራ ቡና ለቃሚ፥ ሌሊቱን ብቻ የሚጠብቅ ዘበኛ፥ እነዚህ ሁሉ የንግዱ ሥራ ያለ እነርሱ የማይሄድ ሰዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ሰዎችና በአሠሪዎቻቸው መካከል ያለው ስምምነት ብዙውን ጊዜ በቃል ብቻ የሚቀር ነው። ሥራው በሰላም እስከ ተካሄደ ድረስ ይህ ጉድለት አይታወቅም። ሠራተኛው የታመመ፥ ከመሰላል የወደቀ፥ የወለደች ወይም የተሰናበተ ዕለት ግን ጥያቄው ይነሣል። ነጋዴው፥ «ግማሽ ቀን ብቻ የሚሠራ ሰው ነው፤ ምን መብት አለው?» ይላል። ሠራተኛውም፥ «እኔ እንደ ሌላው ሠራተኛ አይደለሁም» ብሎ መብቱን ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ወይም ሌላ ሰው መክሮት ነጋዴው ወዳልጠበቀው ክርክር ይገባል።

የዚህ ጥያቄ መልስ በአጭር ቃል ሊነገር ይችላል። ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው ግማሽ ደመወዝ ሊያገኝ ይችላል፤ ግማሽ ሠራተኛ ግን አይደለም። ሕግ የሥራውን ሰዓት የሚመለከተው ገንዘቡን ለመስፈር ነው እንጂ የሰውየውን መብት ለመክፈል አይደለም። ይህን በሒሳብ መዝገብ ልማድ ለመግለጽ ያህል፥ ጉዳዩ በሁለት ዓምድ የሚጻፍ ነው። በአንደኛው ዓምድ በሰዓት ልክ የሚከፈሉ ጥቅሞች ይገባሉ፤ በሁለተኛው ዓምድ ደግሞ በሰዓት የማይከፈሉ መብቶች ይጻፋሉ። ጠብ የሚነሣው የሁለተኛው ዓምድ ወደ አንደኛው ሲገባ ነው።

ስሞቹን መለየት

በመጀመሪያ ዘወትር የሚምታቱትን ስሞች መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛችን «የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ» የሚለው አነጋገር ለብዙ ነገር ስለሚውል፥ ስምምነቱም በዚያው ልክ ይምታታል።

«ጊዜያዊ ሠራተኛ» የሚባለው የውሉ ዕድሜ የተወሰነ ሰው ነው። ይህ ሰው በቀን 8 ሰዓት ሙሉ ሊሠራ ይችላል፤ አጭር የሆነው የሥራው ቀን ሳይሆን የውሉ ዘመን ነው። «የግማሽ ቀን ሠራተኛ» የሚባለው ደግሞ በተቃራኒው የሥራው ቀን ያጠረ ሰው ነው፤ ውሉ ግን ላልተወሰነ ጊዜ የቆመ፥ ዓመት ከዓመት የሚቀጥል ሊሆን ይችላል። «የትርፍ ሰዓት ሥራ» የሚባለው ከመደበኛው የሥራ ሰዓት በላይ የሚሠራና የተለየ ሒሳብ ያለው ሥራ ነው። በመጨረሻም በአንድ ቦታ ቋሚ ሥራ እያለው በዕረፍት ሰዓቱ ለሌላ አሠሪ የሚሠራ ሰው አለ፤ ይህ ሰው ለሁለተኛው አሠሪ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ነው። ጊዜያዊነትና የሰዓት ማነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳ ነጋዴ የክርክሩን እኩሌታ ከወዲሁ አስቀርቷል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛና የግል ሠራተኛ የሚተዳደሩት በተለያየ ሕግ ነው። የግሉን ሠራተኛ ጉዳይ በሰፊው የመራው ቀደምት ሕግ በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 ነበር። ከእርሱም በኋላ አዋጅ ቁጥር 64 በ1968 ዓ.ም.፥ አዋጅ ቁጥር 42 በ1985 ዓ.ም.፥ አዋጅ ቁጥር 377 በ1996 ዓ.ም. ወጥተው፥ በመጨረሻ ሁሉን የተካው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. ታውጇል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችም በበኩላቸው በአዋጅ ቁጥር 515/1999፥ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሲተዳደሩ ቆይተው፥ አሁን አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ተተክቷል። የክልል መንግሥታት ደግሞ የየራሳቸውን ሠራተኞች የሚያስተዳድሩበትን ሕግ የማውጣት ሥልጣን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ በሐረሪ ክልል ቢሮ የተቀጠረ ሰው በክልሉ ሕግ፥ በፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ የተቀጠረው በፌዴራሉ ሕግ፥ በነጋዴ ሱቅ የተቀጠረው ግን በአዋጅ ቁጥር 1156 ይዳኛል።

የመንግሥት ሠራተኞች ሕጎች ቋሚውን ከጊዜያዊው በግልጽ ለይተዋል። ጊዜያዊ ሠራተኛ የዘላቂነት ባሕርይ በሌለው ሥራ ላይ፥ ወይም ሁኔታው ሲያስገድድ በቋሚ የሥራ መደብ ላይ ለተወሰነ ጊዜ የሚቀጠር ሰው ነው። ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 የመንግሥት ሠራተኛ ብሎ የተረጎመው በቋሚነት የተቀጠረውን ሰው ነበር። ስለዚህ በጊዜያዊነት ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ደመወዙን ሲቀበል ኖሮ፥ የጡረታው መዝገብ ግን ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችል ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ በቅጥር ደብዳቤ ላይ የምትጻፍ አንዲት ቃል የአንድን ሰው የእርጅና ዘመን የምትወስን መሆኗ ነው።

በውጭ አገር የተያዘው መንገድ

የሰዓት ማነስን ከመብት ጋር እንዴት ማስታረቅ እንደሚቻል ሌሎች አገሮች የወሰኑትን መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሳምንት ከ16 እስከ 32 ሰዓት የሚሠሩ ቋሚ ሠራተኞችን እንዲቀጥሩ በር ከፍቷል። የእነዚህ ሠራተኞች የዓመት ዕረፍት የሚሰላበት መንገድ ለነጋዴ አእምሮ የሚቀርብ ነው። ከ3 ዓመት ያነሰ አገልግሎት ያለው የሙሉ ቀን ሠራተኛ በየሁለት ሳምንቱ 80 ሰዓት ሠርቶ የ4 ሰዓት ዕረፍት ያገኛል። የግማሽ ቀኑ ሠራተኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ 20 ሰዓት ሥራ 1 ሰዓት ይታሰብለታል። ሁለቱም ሒሳቦች አንድ ናቸው፤ 80 ለ4 ሲካፈል 20 ነውና። የጤና መድን መዋጮውም መንግሥት የሚከፍለው ድርሻ በሰዓቱ ልክ ይቀነሳል እንጂ ሠራተኛው ከመድኑ አይወጣም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1994 በጄኔቭ ባደረገው ጉባኤ፥ ቁጥሩ 175 የሆነውን ስለ ከፊል ጊዜ ሥራ የሚናገር ስምምነት አጽድቋል፤ ስምምነቱም እ.ኤ.አ. በ1998 በሥራ ላይ ውሏል። አሳቡ ከላይ የተጠቀሱትን ሁለት ዓምዶች የሚመስል ነው። በማኅበር በመደራጀት፥ በሥራ ላይ ደኅንነትና ከአድልዎ በመጠበቅ ረገድ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ከሙሉ ቀን ሠራተኛ ጋር እኩል ነው። በወሊድ፥ በዓመት ዕረፍት፥ በሕመም ፈቃድና በሥራ ስንብት ረገድም ተመጣጣኝ መብት አለው፤ የገንዘቡ መጠን ግን በሰዓቱ ወይም በገቢው ልክ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ካጸደቁት አገሮች አንዷ ባትሆንም፥ የራሷ ሕግ በብዙ መንገድ ወደዚሁ ውጤት ያደርሳል።

በነጋዴ ቤት ሠራተኛ የሚባለው ማን ነው?

በአዋጅ ቁጥር 1156 ውስጥ «የግማሽ ቀን ሠራተኛ» የሚል ለብቻው የተለየ ምዕራፍ የለም። ይህም ሕጉ የግማሽ ቀኑን ሠራተኛ ትቶታል ማለት አይደለም፤ ከሌላው ጋር አንድ አድርጎታል ማለት ነው እንጂ። አዋጁ የሥራ ውል አለ የሚለው፥ አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ሥር ሆኖ ሥራ ለመሥራት ሲስማማ ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ስለ ሰዓት ብዛት የተነገረ ቃል የለም። በቀን 8 ሰዓት፥ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለውም ድንጋጌ ከዚያ በላይ እንዳይታለፍ የተቀመጠ ወሰን ነው እንጂ፥ ከዚያ በታች የሠራ ሰው ሠራተኛ አይባልም የሚል አይደለም።

ታዲያ ዋናው መለያ የሚያዝዘው ማን ነው የሚለው ነው። ለዚህም መኪና ግርግር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ በሚወስደው በዚህ መንገድ ላይ፥ ስሙን ካሰጠው የስፌት መኪና ድምፅ ጋር ብዙ ልብስ ሰፊዎች ይሠራሉ። አንዱ ሰፊ የራሱን መኪና በጨርቅ ነጋዴው በረንዳ ላይ አኑሮ፥ ከደንበኛው ጋር ራሱ ዋጋ ተነጋግሮ፥ ገንዘቡን ራሱ ይቀበላል። ይህ ሰው የራሱን ንግድ የሚያካሂድ ስለ ሆነ የጨርቅ ነጋዴው ሠራተኛ አይደለም። ሌላው ደግሞ በነጋዴው መኪና፥ ነጋዴው በወሰነው ሰዓት፥ ነጋዴው ያዘዘውን እየሰፋ ደመወዝ የሚቀበል ቢሆን፥ የሚሠራው በቀን 3 ሰዓት ብቻ ቢሆንም ሠራተኛ ነው። ሁለቱ በአንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡ ይሆናል፤ በሕግ ፊት ግን ቦታቸው የተለያየ ነው።

ዘበኛም እንዲሁ መለየት አለበት። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት፥ ማለትም የቤት ውስጥ ሥራን ከራሱ ውጭ አድርጓል። በጀጎል ውስጥ የነጋዴው መኖሪያና ሱቅ ወይም መጋዘን በአንድ ግቢ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ፥ ሌሊቱን የሚያድረው ሰው የሚጠብቀው ቤተሰቡን ነው ወይስ ሸቀጡን የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የንግዱን ዕቃ እንዲጠብቅ የተቀጠረ እንደሆነ በውሉ ላይ ይህንኑ ጽፎ፥ እንደ ሱቅ ሠራተኛ መያዝ የሚገባ ነው።

በሰዓት ልክ የሚከፈሉ ጥቅሞች

በአንደኛው ዓምድ የሚገባው በመጀመሪያ ደመወዝ ነው። ለ4 ሰዓት ሥራ የ4 ሰዓት ዋጋ ይከፈላል። ከደመወዝ የሚመነጩ ክፍያዎችም ደመወዙን ተከትለው ያንሳሉ ወይም ይበዛሉ። ለግል ድርጅት ሠራተኞች በተቋቋመው ጡረታ፥ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፥ አሠሪው 11 ከመቶ ያዋጣሉ። በወር 3,000 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ የእርሱ ድርሻ 210 ብር፥ የአሠሪው 330 ብር፥ በድምሩ 540 ብር ይሆናል። ደመወዙ እጥፍ ቢሆን መዋጮውም እጥፍ ይሆናል፤ መቶኛው ግን አይለወጥም።

የሥራ ስንብት ክፍያም እንዲሁ ነው። ይህን በምሳሌ መግለጽ ይሻላል። በአንድ ሱቅ ሁለት ሠራተኞች አሉ እንበል፤ አንደኛው ቀኑን ሙሉ እየሠራ በቀን 200 ብር፥ ሁለተኛው ግማሽ ቀን እየሠራ በቀን 100 ብር ያገኛሉ። ሁለቱም 4 ዓመት ካገለገሉ በኋላ ሱቁ ለዘለቄታው ተዘጋ። በአዋጁ መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የቀኑ ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ገንዘብ ሢሶ ይጨመራል። ለግማሽ ቀኑ ሠራተኛ የመጀመሪያው ዓመት 3,000 ብር፥ የቀሩት 3 ዓመታት በ1,000 ብር ሒሳብ 3,000 ብር፥ ጠቅላላው 6,000 ብር ይሆናል። ድርጅቱ ለዘለቄታው በመዘጋቱ ደግሞ የቀኑ ደመወዝ በ60 ተባዝቶ ሌላ 6,000 ብር ይታከላል። ስለዚህ የሚገባው 12,000 ብር ነው፤ የሙሉ ቀኑ ሠራተኛ ደግሞ በዚሁ መንገድ 24,000 ብር ያገኛል። በዓመታት ብዛት የሚያድገው የስንብት ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ እንዳይበልጥም አዋጁ ወስኗል።

ነጋዴው ከዚህ ሒሳብ መገንዘብ ያለበት ነገር፥ የግማሽ ቀኑ ሠራተኛ ክፍያ ግማሽ የሆነው ደመወዙ ግማሽ ስለ ሆነ ብቻ መሆኑን ነው። ማባዣው አንድ ነው፤ የአገልግሎቱም ዓመት አንድ ዓመት ሆኖ ይቆጠራል እንጂ ስድስት ወር ተብሎ አይቆጠርም።

በሰዓት የማይከፈሉ መብቶች

ሁለተኛው ዓምድ ከፊተኛው የረዘመ ነው።

ውል። የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃልም ይጸናል። ሆኖም ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፥ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን ባይሰጥ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። የሙከራ ጊዜም ቢሆን በጽሑፍ የሚደረግ ሲሆን፥ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ ነው።

ዕረፍት። የመጀመሪያውን ዓመት ለፈጸመ ሠራተኛ የሚሰጠው የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ተጨማሪ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። የግማሽ ቀኑ ሠራተኛ የሚያርፈው 16 ግማሽ ቀኖችን ነው፤ የሚከፈለውም የእነዚያኑ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በራሱ ስላነሰ ቀኑን ደግሞ ወደ 8 ዝቅ ማድረግ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቀነስ ይሆናል። የ24 ሰዓት የሳምንት ዕረፍትም ለሁሉ ነው። በሕዝብ በዓል ቀንም፥ ዒድ ይሁን ጥምቀት፥ በወር የሚከፈለው ሠራተኛ በዓሉን ስላረፈ ደመወዙ አይጎድልም።

ሕመምና ወሊድ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም እስከ 6 ወር ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፥ ቀጥሎ ያሉት 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፥ የቀሩት 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። በቀን 4 ሰዓት የምትሠራ ሴት የምትሸከመው እርግዝና ግማሽ አለመሆኑን ማንም ያውቃል።

ጉዳት። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ የሚሠራው ወጣት የስኳር ጆንያ ሲደረድር ወድቆ እጁ ቢሰበር፥ የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል። ሥራ መሥራት ባልቻለበትም ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፥ ለሚቀጥሉት 3 ወራት ከ75 ከመቶ ያላነሰ፥ ከዚያም በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 ከመቶ ያላነሰ ያገኛል። ጆንያው በሰውየው ላይ ሲወድቅ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ አይጠይቅም፤ ሕጉም አይጠይቅም።

ማስጠንቀቂያና ምስክር ወረቀት። ማስጠንቀቂያ በሚያስፈልግበት ስንብት፥ ከአንድ ዓመት ያልበለጠ አገልግሎት ላለው የአንድ ወር፥ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ላገለገለ የሁለት ወር፥ ከዚያ በላይ ላገለገለ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ብሎ ማሰናበት፥ ሰዓቱ አጭር በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ አይሆንም። ሠራተኛው ሲለቅም የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይቀበላል።

ከደመወዝ ላይ መቁረጥ። በሱቅ ውስጥ ዕቃ ጠፋ ወይም ተሰበረ ተብሎ የሠራተኛውን ደመወዝ በሙሉ መያዝ የተለመደ ነው። አዋጁ ግን በሕግ፥ በኅብረት ስምምነት፥ በሥራ ደንብ፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ መቁረጥን አይፈቅድም። ሲፈቀድም ከወሩ ደመወዝ ከሢሶው ሊበልጥ አይችልም።

ተማሪውና ቡና ለቃሚዋ

ተማሪን ለሚቀጥር ነጋዴ የዕድሜው ነገር ቀዳሚ ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው፤ ይህም ወሰን በቀድሞው አዋጅ 14 ዓመት ነበር። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፥ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፥ በትርፍ ሰዓት፥ በሳምንት ዕረፍትና በሕዝብ በዓል ቀን አይሠራም። ሱቁ ከሁሉ ይልቅ የሚደምቀው በበዓል ዋዜማና በበዓል ቀን ስለ ሆነ፥ ይህን ድንጋጌ መርሳት ቀላል ነው።

ለቡና ላኪዎች የሚመለከተው ደግሞ የወቅት ሥራ ነው። የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ መቆጠሩ መሠረታዊው ደንብ ቢሆንም፥ በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ወራት ብቻ የሚሠራና በየዓመቱ የሚደጋገም ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ውል ሊደረግበት ከሚችሉት አንዱ ነው። ስለዚህ ቡና ለቃሚዎችን ለወቅቱ መቅጠር የተፈቀደ ነው። ይሁን እንጂ «ወቅታዊ» የሚለው ቃል የሚያሳጥረው የውሉን ዘመን ብቻ ነው፤ በአቧራውና በጆንያው መካከል የምትሠራውን ሴት ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታን አያሳጥርም። ለቃሚዋ ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ፥ በወረቀት ላይ ወቅታዊ ተብላ መጻፏ ብቻውን ወቅታዊ አያደርጋትም።

የመንግሥትን ሠራተኛ በዕረፍት ሰዓቱ ስለ መቅጠር

የመንግሥት ሠራተኛን ለሒሳብ ወይም ለጽሕፈት ሥራ መቅጠር ለነጋዴዎች የቆየ ልማድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ደንግጎ ስለ ነበር፥ ማምሻውና ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ ለዚህ ይውል ነበር። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ሦስት ጥንቃቄዎች ይገባሉ።

አንደኛ፥ የመሥሪያ ቤቱ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሠራተኛው በቢሮው ሰዓት የነጋዴውን መዝገብ ሲያገላብጥ ቢገኝ ቅጣቱ ቋሚ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል፤ ነጋዴውም ሒሳብ ጸሐፊውን በዓመት መዝጊያ ላይ ያጣል። መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀውና በጽሑፍ የተገለጸ ስምምነት ለሁለቱም መከታ ነው።

ሁለተኛ፥ ነጋዴው የራሱን ግብር የሚወስን፥ ፈቃዱን የሚያድስ ወይም ዕቃውን የሚፈትሽ ሹም በደመወዝ መያዝ የለበትም። ሥራው እውነተኛ፥ ደመወዙም ተገቢ ቢሆን እንኳ፥ ነገሩ ጉቦ መስሎ መታየቱ አይቀርም፤ ለመካድም አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛ፥ ይህ ሰው በመንግሥት በኩል ዕረፍትና ሕክምና ስላለው በነጋዴው ቤት ምንም መብት የለውም ማለት ስሕተት ነው። በነጋዴው መጋዘን ውስጥ በነጋዴው ሥራ ላይ ሳለ የሚደርስበት ጉዳት የነጋዴው ኃላፊነት ነው። ደመወዙንም የሚከፍለው ነጋዴ እንደ ማናቸውም አሠሪ የሥራ ግብሩን ቀንሶ ማስገባት አለበት።

በውሉ ላይ የሚጻፈው

ለአንድ የግማሽ ቀን ሠራተኛ የሚያስፈልገው ውል ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሁለቱ ወገኖች ስምና አድራሻ፥ የሠራተኛው ዕድሜ፥ የሥራው ዓይነትና ቦታ፥ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፥ የሥራው ቀናት፥ ደመወዙ በሰዓት ወይም በወር ስንት እንደ ሆነና መቼ እንደሚከፈል፥ ውሉ ላልተወሰነ ወይም ለተወሰነ ጊዜ መሆኑ፥ ለተወሰነ ጊዜ ከሆነም ምክንያቱ ይጻፍበታል። በተለይም ሠራተኛው ከተስማማበት ሰዓት በላይ ሲቆይ ተጨማሪው ሰዓት እንዴት እንደሚከፈል ማስፈር ያስፈልጋል። በሕግ ከተወሰነው መደበኛ ሰዓት ካለፈ ግን የትርፍ ሰዓቱ ሒሳብ በሕጉ የታወቀ ነው፤ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፥ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት ሩብ፥ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፥ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

ከውሉ ጋር የደመወዝ መክፈያ መዝገብ ይያዛል፤ በእርሱም ላይ ጠቅላላ ደመወዙ፥ ተቀናሹ፥ የተከፈለውና የሠራተኛው ፊርማ ይገኝበታል። ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳይጠየቅ 6 ወር ካለፈ በይርጋ የሚታገድ ስለ ሆነ፥ ይህ መዝገብ ለሠራተኛው ጥያቄውን በጊዜው ለማቅረብ፥ ለነጋዴውም የከፈለውን ለማስረዳት ይጠቅማል።

የሸቀጡን ገቢና ወጪ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የሚጽፍ ነጋዴ የሠራተኛውን ሰዓትና መብት መጻፍ አይከብደውም። በሰዓት የሚከፈለውን በሰዓት ከፍሎ፥ በሰዓት የማይከፈለውን ሙሉውን የሰጠ አሠሪ፥ በጥቂት ሰዓት የሚያገለግለው ሰው ታማኝ ሆኖ ይቆይለታል፤ ሱቁን የሚዘጋበት ቀን ቢመጣም፥ የሚከፍለውን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለ ሆነ ዕዳው ድንገት አይደርስበትም።